አባ ድርብ እና የአንድ ረድፍ ስፌት

ይህ ታሪክ ከአናቱ እስከ ጭራው እውነት ነው። ከዋሸሁ የበላሁት አይርጋልኝ።

አንድ ሐኪም የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት ለመባል አንዲት ጥናት ብቻ ቀርታው ነበር። ጥያቄዋ ስትታይ ቀላል ናት፦ በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት ማህፀኗ ሲዘጋ አንድ ረድፍ ስፌት ይበቃታል ወይስ በላዩ ሌላ ቢደረብ ይሻላታል? ፈቃደኛ እናቶች ተገኙ፤ ዕጣው በታሸገ ፖስታ ተቀመጠ። ልጁ እንደወጣ ፖስታው ይቀደዳል፤ አንድ ካለ አንድ፣ ሁለት ካለ ሁለት። ከወራት በኋላ ጠባሳው በአልትራሳውንድ ይታያል። ጥናቱ ካልሰመረ ምርቃት የለም።

እንቅፋቱ ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩት ፕሮፌሰር አለቃው ናቸው። በሌሉበት አባ ድርብ ይሏቸዋል። ካልሲ በካልሲ ላይ ይለብሳሉ፤ በራቸውን ቆልፈው ሲያበቁ ተመልሰው ይቆልፉታል፤ ሴት ልጃቸውን ሁለቴ ድረዋል፣ ያውም ለዚያው ለአንዱ ሰውዬ። ማህፀን ላይማ አንድ ረድፍ ለእሳቸው ከናካቴው ስፌት አይደለም።

የመጀመሪያው ፖስታ "አንድ" አለ። አባ ድርብ አንዱን ረድፍ ሰፉና እጃቸውን ዘረጉ፤ መሳሪያ አቀባይዋ ሲስተር እንደልማዷ ሌላ ክር አቀበለች።

"ፕሮፍ፣ አንድ ነው እኮ የሚለው።"

"አንድ ነው የሰፋሁት።"

"ይሄስ?"

"ይሄ ለአንጀቴ ነው። ነገ አርግዛ ቢተረተርባት ፖስታህ መጥቶ ይሰፋታል?"

"እሱን ለማወቅ እኮ ነው የምናጠናው።"

"አጥና፣ ማን ከለከለህ? እኔ ልስፋ፣ አንተ አጥና።"

ሲስተሯ በማስኳ ውስጥ ሳቀች። ሐኪሙ ደሙ ፈላ።

በሌላ ጊዜ ሲስተሯን ኮሪደር ላይ ይዞ ለመናት። "እባክሽ እህቴ፣ ሁለተኛ ክር እንዳታቀብያቸው።" እሺ አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች። አባ ድርብ እጃቸውን ቢዘረጉ ክር የለም። መርፌው ላይ የተንጠለጠለችውን ትርፍ ክር አዩና፣ "ይቺንስ ምን ላድርጋት፣ ይዣት ቤት ልግባ?" ብለው ደረቡባት።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ፣ "ዛሬም ደረቡ?" አለችው።

"ደረቡ።"

"እኔንም ትንሹን ልጅ ስወልድ የሰፉኝ እሳቸው ናቸው። ምን ሆንኩ?"

"ምንም። በአንድ ቢሰፉሽስ ምን ትሆኚ ነበር? እሱን ነው ማንም የማያውቀው።"

"እንኳንም አላወቅነው፣" አለችና እራቱን አቀረበች።

ሰውየው በገዛ ቤቱም ተሸነፈ።

በመጨረሻ ጥናቱን የሚገመግመውን የሆስፒታሉን ኮሚቴ ደጅ ጠንቶ አስፈቀደ፦ "አንድ" የሚል ፖስታ ሲወጣ ራሱ ይሰፋል፤ አባ ድርብ ቆመው ከማየት በቀር እጃቸውን አያስገቡም።

ፖስታው ተቀደደ፤ አንድ። አባ ድርብ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ሐኪሙ መርፌውን ያዘ። ወጋ፣ ሳብ፤ ወጋ፣ ሳብ። ደሙ ቆመ፤ ረድፉ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀጥ አለ። ልቡ ሞቀ። በሐሳቡ ኮሚቴው ፊት ቆሞ ሽማግሌውን አፍ እያስያዘ ነበር።

"ዶክተር፣" አለች ሲስተሯ ቀስ ብላ።

"ምነው?"

"እጅህን እየው።"

አየው። ሁለተኛውን ረድፍ አጋምሶታል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ፤ ያ እጅ መስፋት የተማረው ከማን ሆነና? ሳያውቀው ዘርግቶት ኖሮ፣ እሷም ሳታውቀው ክር ሰጥታዋለች።

"እፈታዋለሁ፣" አለ እጁን ለመቀስ እየዘረጋ።

"አትነካውም፣" አሉ አባ ድርብ። "ደም ልታመጣባት? የልጅቷ ማህፀን ያንተ ደብተር አይደለም። ጨርሰው።"

እውነታቸውን ነበር፤ ይበልጥ ያንገበገበውም እሱ ነው። ጥርሱን ነክሶ ጨረሰ።

ኮሚቴው ፊት ቀርቦ፣ "ያወዳደርኩት ሁለትን ከሁለት ጋር ነው፣" አለ። ምርቃቱ ተገፋ፤ በፕሮፍ እጅ ያልተማረ ሰፊ ፈልጎ እንደገና ይጀምር ተባለ። ፈለገ። በዚያ ሆስፒታል ምላጭ የጨበጠ ሁሉ የእሳቸው ተማሪ ነው፤ ይህን ያዘዙት የኮሚቴው ሰዎችም ጭምር።

አንጀቱ አርሮ ሲወጣ አባ ድርብ ደረጃው ላይ አገኙትና፣ "ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? እኔ ልስፋልህ፣" አሉት።

ይቺን እንኳ እኔ ነኝ የጨመርኳት። እውነቱን ከሆነ፣ አንገታቸውን ደፍተው አልፈውት ሄዱ። እንዲያ ማለቁ ግን ለወሬ አይመችም።