ያልተፈረመው ገጽ

የዩኒቨርሲቲው የክሬዲት ዝውውር ሠራተኛ ፕሩት ጣቱን ከትምህርቶቿ ዝርዝር ግርጌ አሳረፈ። ቬልማ ክሩገር ጣቱ የት እንዳረፈ ሳታይም ታውቃለች። ከሁለት ዓመት ዲፕሎማዋ ስልሳው ክሬዲት ወደ ዩኒቨርሲቲው ተዛውሮላታል፤ የአናቶሚው አራት ክሬዲት ብቻ ቀርቷል። እሱ ካልተቆጠረላት ሦስተኛ ዓመት አትገባም። ሆስፒታሉም ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችበትን የመተንፈሻ ሕክምና ክፍል የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ሰው በኃላፊነት አያስረክብም። ከኦሃዮ ወንዝ ዳር ሁለት ሰዓት ነድታ የመጣችው የይግባኝ ማቅረቢያው ጊዜ ዛሬ ስለሚያበቃ ነው።

«ትምህርቱ ቤተ ሙከራ እንደነበረው የሚያሳይ ማስረጃ የለም» አለ ፕሩት። «ኮሌጅዎ የዚያን ዘመን ወረቀት ሁሉ ጥሎታል።»

«እኔ አልጣልኩም።» ጥግ ጥጉ የተበላ ደብተር ከቦርሳዋ አወጣች።

ፕሩት መግለጥ ጀመረ። በየገጹ በእርሳስ የተሣለ የሰውነት ክፍል፣ ቀን፣ ከሥሩ የመምህርት ሃትፊልድ አረንጓዴ ፊርማ። ሃትፊልድ ሳትፈርምለት ከቤተ ሙከራዋ የሚወጣ ተማሪ አልነበረም። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ግን የፕሩት እጅ ቆመ። ፊርማ የለም።

ባሏ ሎይድ ቁርስ ላይ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ያንን ገጽ ቅደጂና ተገላገይ! በገዛ እጅሽ ልትወድቂ ነው?» ብሎ ስቆባት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀድደው ነበር፤ እሷ ጫፉን እንኳ አላጠፈችም።

«ይሄስ?» አለ ፕሩት።

«ቀኝ ሳንባን ሁለት ክፍል አድርጌ ሣልኩት። ሁለት ያለው ግራው ነው። መምህርቷ ‹እንደገና ቁጠሪ› ብላ እስኪመሽ አላስወጣችኝም። ይግለጡት።»

ገለጠ። ያው ቀን፣ ባለ ሦስት ክፍል ሳንባ፣ አረንጓዴ ፊርማ።

«ይህን ለምን አልቀደዱትም?»

«ሳንባን የተማርኩት እዚያ ገጽ ላይ ነው። እስከ ዛሬ በሽተኛ ደረት ላይ ማዳመጫ ባሳረፍኩ ቁጥር እቆጥራለሁ።»

ፕሩት ከደብተሩ ቀና ብሎ አያት። ያየው ነገር አክብሮት አሳድሮበታል።

«የሚወስነው ኮሚቴው ነው፤ ቃል አልገባልዎትም» አለና ደብተሩን ይዞ ወደ ኮፒ ማሽኑ ሄደ። ከሁሉም አስቀድሞ ያልተፈረመውን ገጽ አስተኛ። ማሽኑ እያጉረመረመ ሳለ ፕሩት መዳፉን ቀኝ ደረቱ ላይ አሳርፎ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ቬልማ አየችው።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።