ቀድሞ የሚታሰረው ሽቦ

ክሊኒኩ የገዛው አዲሱ የኔትወርክ ስዊች ከነካርቶኑ ሦስት ቀን ሳይነካ ተቀመጠ። ሁለተኛ ፎቅ ባለው የብረት መደርደሪያ ላይ በአራት ብሎን ማሰር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋዝዋን ግን አንድ ቀን ካቻቢቴ ጠፋብኝ፣ ሌላ ቀን ሙቀቱ ከበደኝ እያለ አሳለፈው። የመድኃኒት ቤቱ ፋሩቅ ጋዝዋንን በበኩር ልጁ ስም እየጠራ፣ «አቡ ሰጃድ፣ መደርደሪያውን ልታገባው ነው እንዴ? ሽማግሌ እንላክልህ?» ብሎ ቀለደበት። ጋዝዋን አልሳቀም።

የኔትወርክ ባለሙያው ሙንዘር የሞተው እዚያ መደርደሪያ ሥር ነበር፣ ባለፈው ረመዳን። ልቡ ነው ተባለ። ወፍራም ነበር፣ ጾም ላይ ነበር፤ ማንም አልተጠራጠረም።

እውነቱን የሚያውቀው ጋዝዋን ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የሰፈሩን ጄኔሬተር መስመር ወደ ሁለተኛ ፎቅ ሲያወጣ ሽቦ አጠረው። ግድግዳው ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተኛ አረንጓዴ ሽቦ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወደ መሬት እንዲወስደው የተቀበረ። ጋዝዋን የጄኔሬተሩን ኤሌክትሪክ በእሱ ላይ ሰደደው። ባስራ ውስጥ ስንቱ እንዲህ ያደርጋል፤ ለጊዜው ነው ብሎ ነበር።

ሙንዘር ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ነበር። የመሣሪያዎቹ መመሪያ ከሁሉ አስቀድሞ የመሬቱን ሽቦ እሰር ስለሚል፣ አረንጓዴውን ከመደርደሪያው ብረት ጋር አሰረው። የመንግሥት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ገና አልተነሳም። ሲነሳ ሁለት እጁ ብረቱ ላይ ነበር። ቀድሞ የደረሰው ጋዝዋን ነው። ብሬከሩን አጠፋ፣ ሽቦውን ፈታ፣ ወደ ግድግዳው መልሶ ከተተ። ሰው የጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ካርቶኑን ገና ሲከፍት፣ የሙንዘር ሚስት ኢብቲሃል ደረጃውን ወጥታ መጣች። ምድር ቤት ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ከሞቱ ወዲህ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇን ሩዓን መሮጥ ከልክላታለች፤ ሐኪሞቹ የልብ ሕመሙ ከአባት ይወረሳል ብለዋታል። አሁን ደብዳቤ ይዛለች። ቅዳሜ ባግዳድ ውስጥ፣ በልጅቷ ጭን በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ልቧን ሊያዩ ነው። ቤቱ ውስጥ ወንድ የለም፤ እንደ አጎቷ ነህና አብረኸን ሂድ አለችው።

ጋዝዋን ከተናገረ ነገሩ የሁለት ጎሳ ጉዳይ እንደሚሆን ያውቃል። የደም ሽምግልና ይቀመጣል፤ እሱም ቤቱን ጥሎ ከባስራ ይወጣል። ሰባት ወር ያሰበው ይህንኑ ነው።

«እህቴ፣» አለ፣ «የሩዓ ልብ ጤነኛ ነው።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

ጄኔሬተሩ ውጭ እየሠራ ነበር። ጋዝዋን የአረንጓዴውን ሽቦ ጫፍ ከግድግዳው አወጣና ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚበራውን ቴስተር አስነካው። ትንሿ መብራት በራች። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ሽቦውን መፍታቱንም አልደበቀም።

ኢብቲሃል መብራቷን ለረጅም ጊዜ ስታያት ቆየች።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ያኔውኑ።»

«አስከሬኑን ተሸክመሃል።»

«አዎ።»

«ልጄን ሐኪም ቤት ያመላለስካት በራስህ መኪና ነው። መርፌ ሲወጓት እጇን ይዘህ ነበር።»



ኢብቲሃል ስልኳን አውጥታ ባግዳድ ደወለች። ካርድ ክፍል በሽተኛ በምታነጋግርበት ድምፅ የልጇን ስም ከነአባቷ ተናግራ፣ የቅዳሜውን ቀጠሮ ሰርዙልኝ አለች። ምክንያቱን ጠየቋት። «የአባትየው ልብ ደህና ነበር፣» አለች።

ስልኩን ዘጋች።

«ለሙንዘር ወንድሞች ከመግሪብ ሶላት በኋላ እደውላለሁ። እስከዚያ ሚስትህንና ልጆችህን ከቤት አውጣ።»

ጋዝዋን ወደ ደረጃው ዞረ።

«ወዴት?» አለችው። «መጀመሪያ ይህን ሽቦ ንቀል። ነገ ሌላ ሰው ይነካዋል።»

ብሬከሩን አጥፍቶ፣ በቴስተሩ ሁለት ጊዜ አረጋግጦ፣ ሽቦውን ከግድግዳው ውስጥ መጎተት ጀመረ። ረጅም ነበር። ኢብቲሃል እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች።