ከባሕር በላይ የተሠራ ነጠላ

በፈረንጆች አቆጣጠር ዓርብ ነሐሴ 11 ቀን 1995፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ አቶ ብዙነህ እግራቸውን ከባሕሩ በላይ አንጠልጥለው ሸማ ይሠሩ ነበር። ከስቶክሆልም ወጣ ባለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ይህ አዲስ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

አቶ ብዙነህ እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ካልገባ እጃቸው አይታዘዝም። በሶለንቱና የሚኖሩት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዓሣ የሚሸጥላቸው አጥማጁ ሩኔ ግማሹ ውኃ ላይ ከተሠራው የጀልባ ቤቱ ደጅ ቦታ ቢሰጣቸው፣ አካፋቸው አንድ ክንድ እንኳ ሳይገባ ከዐለት ጋር ተጋጨ። ሩኔ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያም ወደ ውስጥ ወሰዳቸውና የወለሉን መክፈቻ አሳያቸው፤ በሕይወት ያሉ ዓሦች የሚቆዩበት ሣጥን በዚያ ወደ ውኃ ይወርዳል።

"ይኸው፣ ተቆፍሮ የተቀመጠ!" አላቸው። "የልጅህ ነጠላ እስኪያልቅ ያንተ ነው።"

ነገ ልጃቸው ፌበን ሶልና በሚገኘው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ትዳራለች። የነጠላው ጥለት አንድ ስንዝር ቀርቶታል። ሩኔም ሣጥኑን አውጥቶ ዓሣውን ለገበያ ሊያደርስ ቸኩሏል።

"ብዙነህ፣ ዓሦቼ ሊያረጁ ነው!" አለ ከበሩ ላይ፣ መረቡን እየጠገነ።

"ያርጁ! ሙሽራ ትቀድማለች" አሉት በስዊድንኛቸው።

"አባዬ፣ ሙሽራዋም እኮ እያረጀች ነው" አለች ነጠላዋን ልትወስድ የመጣችው ፌበን።

ሩኔ ሰዓቱን አየና መረቡን አስቀመጠ። ከአጠገባቸው ቁጭ ብሎ ቀይና ወርቃማውን ማግ መወርወሪያው ውስጥ በሚገባው ቀሰም ላይ ያጠነጥንላቸው ጀመር። መረብ የለመደ ጣቱ ክሩን ሳያወሳስብ ያቀብላል፤ መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ይሮጣል፤ ከእግራቸው በታች ዓሦቹ ይንቦጫረቃሉ። አቶ ብዙነህ በዚህ አገር እንዲህ ደስ ብሏቸው የሠሩበትን ቀን አያስታውሱም።

ጥለቱ አለቀ። ፌበን ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ብርሃኑ ወጣች። ሸማኔው ከመክፈቻው ሲነሡ ሩኔ ወዲያው ጎንበስ ብሎ የሣጥኑን ገመድ ያዘ።

አቶ ብዙነህ ባዶ ወደ ቀረው ሸማ መሥሪያቸው ተመለከቱ። ሩኔ የሰጣቸው ጊዜ አልቋል።

"ሩኔ፣" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይህን መክፈቻ አትዝጋብኝ። ቀጥዬ ለአንተ ጋቢ ልሥራልህ።"

ሩኔ ጀርባውን እንደ ሰጠ ገመዱን እየሳበ፣ "ለጋቢውማ አትቸኩል፤ ዓሦቼ ማርጀት ለምደዋል" አለ።