ከማሽላው ላይ የተቀነሰው ሦስት ኪሎ ተኩል

የማሽላ ምርምር ጣቢያው ዋና የመስክ ቴክኒሻን ትክክለኛ ስሙ ማን እንደሆነ የሚያውቀው የግል ማኅደሩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ኩንታል» ይለዋል፤ አፉ ውስጥ ኪሎ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅማ። አንድ የማሽላ ዛላ በእጁ መዘን አድርጎ «ይቺ እንኳ ሩብ ኩንታል አታንስም» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሲያወራ አንድ ሰው አላመነውም፤ ወሬው ሳያልቅ ተነስቶ የሄደም ሰው ግን የለም።

በሥራው ግን የሚስተካከለው ከፀሐይ በታች አልተወለደም። ድቅል ማሽላ የሚገኘው ሁለት የተለያዩ ዘሮች ሲዳቀሉ ነው። እናቲቱ የራሷ የአበባ ብናኝ የላትም። ስለዚህ አባትየው ባበበበት ጠዋት ብናኙን በወረቀት ከረጢት አራግፎ መቀበል፣ እናቲቱ ዛላ ላይ መነስነስ፣ ከዚያም ባዕድ ብናኝ እንዳይነካት ቶሎ መሸፈን ነው። ኩንታል ይህን ሲሠራ ነፋስ ራሱ ትንፋሹን ይውጣል። ሌላው ሃያ ዛላ እስኪያዳርስ እሱ መቶ ይጨርሳል፤ ሲያወራው አራት መቶ ይሆናል።

የጣቢያዋ ዋና ተመራማሪ የወንድሙ ልጅ ናት። ዶክተር የሆነች ሰሞን ሰው ፊት አንቱ ሊላት ሞክሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁለተኛ እንደሱ ብትለኝ ማሳውን ላንተ ትቼልህ ነው የምሄደው» አለችው።

«ብትሄጂማ ማሽላው በአንድ ቀን ሦስት እጥፍ ያድግልኝ ነበር» አላት፤ በዚያው አንቺ እንዳላት ቀረ።

ይቺ ልጅ አስራ አንድ ዓመት ስታዳቅል፣ ስትዘራ፣ ስትጥል ኖራ ከስድስት መቶ ድቅሎች አንዲት ቀረቻት፤ ቁጥር አርባ ሰባት። ለገበሬው እንድትሰጥ የሚፈቅደው አጽዳቂ ኮሚቴ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ገበሬው አሁን ከሚዘራው ዝርያ ጎን ተዘርታ ቢያንስ ሃያ በመቶ በልጣ ትገኝ። ካልሆነ አርባ ሰባት መዝገብ ውስጥ ትቀበራለች፤ የልጅቷ አስራ አንድ ዓመትም አብሯት።

አዝመራው ደርሶ፣ ታጭዶ፣ ደርቆ ተወቃ። ኩንታል በመውቂያው ዳስ ውስጥ ብቻውን መዘነ። ከገበሬው ዝርያ ሦስት መደቦች በድምሩ አስራ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ወጣ። ከአርባ ሰባት ሦስት መደቦች፣ በዚያው ልክ መሬት ላይ፣ አስራ ስምንት ኪሎ ከሁለት መቶ።

ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሶ እንደገና ሰቀለ። አስራ ስምንት ከሁለት መቶ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘሎ ጣራውን በበሳ ነበር፤ እሱ ግን ጆንያ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ዘንድሮ በመስክ ጉብኝት ቀን ለኮሚቴው ሰብሳቢ «ከዚች የቀመሰች ወፍ ክንፏ አያነሳትም፣ በእግሯ ነው የምትሄደው» ብሏቸው ነበር። ሰውየው ፈገግ እንኳ ሳይሉ «ከእርስዎ አፍ የወጣ ቁጥር እኔ ጋ አይገባም» ብለውት ሄዱ። አሁን በገዛ እጁ የመዘነው አርባ አራት በመቶ ብልጫ ሲመጣላቸው ምን ይላሉ? ኩንታል ነፋው ይላሉ። ልጅቷ በእሱ አፍ ምክንያት ልትወድቅ ነው።

ስለዚህ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ቀነሰ። ከየመደቡ እየሸራረፈ፣ ልብ እንዲያምነው አድርጎ፣ አስራ አራት ኪሎ ከሰባት መቶ ጻፈ። ሃያ በመቶው ስንት ላይ እንደሚያርፍ ግን አላሰላም፤ ቁጥር መጨመር እንጂ መቀነስ መች ለምዶ። ከረጢቶቹን አሽጎ ለመጋዘን ኃላፊዋ አስረከበ፤ እሷም በየማሸጊያው ላይ ፈረመች።

«ኩንታል፣ ዛሬ ዝም አልክ፤ አመመህ እንዴ?» አለችው።

«ድካም ነው። የዓለምን ማሽላ ብቻዬን ወቅቼ።»

«እንግዲያስ ደህና ነህ» አለችና ቆለፈች።

በሳምንቱ ኮሚቴው በጣቢያው አዳራሽ ተሰበሰበ። ኩንታል ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የወንድሙ ልጅ ውጤቱን ስታነብ ሰማ። ድምጿ መሃል ላይ ሟሸሸ። ብልጫው አስራ ሰባት በመቶ ነበር።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልፋቱ ያስመሰግናል። ግን መስፈርቱ ሃያ ነው። አርባ ሰባት አላለፈችም።»

ልጅቷ ወረቀቶቿን አንድ ባንድ ትደራርብ ጀመር። ኩንታል ሳያስበው ቆሞ ነበር።

«ቁጥሩ ልክ አይደለም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ።

«ጨመሩበት ማለት ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ቀነስኩ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ መስኮቶቹ ከነፍሬማቸው ተንቀጠቀጡ። ሳትስቅ የቀረችው የወንድሙ ልጅ ብቻ ናት። «ጋሼ፣ አሁን ቀልድ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

«ቀልድ አይደለም፣ ልጄ። ሦስት ኪሎ ተኩል ነው የቀነስኩብሽ። እውነቱን ብጽፍ በኔ አፍ ምክንያት እንዳያምኑሽ ፈርቼ ነው። እህሉ እንደታሸገ መጋዘን አለ። ይመዘን፤ እኔ እጄን አላስጠጋም።»

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ ተነሱ። ሁሉም ተከትሏቸው ወደ መጋዘኑ ወረደ። ኃላፊዋ ከረጢቶቹን አወጣች፤ ፊርማዋ አልተቀደደም፣ አልተላጠም። መጀመሪያ የገበሬው ዝርያ ተመዘነ፦ አስራ ሁለት ከስድስት መቶ። መዝገቡ ካለው ዝንፍ አላለም። ከዚያ ሰብሳቢው ኮታቸውን አውልቀው አርባ ሰባትን በገዛ እጃቸው ሰቀሉ። ኩንታል በሩ ጋ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳ ያያል።

«ስድስት ከአንድ መቶ» አሉ ሰብሳቢው። ሁለተኛውን ሰቀሉ። «አምስት ከስምንት መቶ።» ሦስተኛውን ሰቅለው መርፌው እስኪረጋ ጠበቁ። «ስድስት ከሦስት መቶ።»

ልጅቷ ጭንቅላቷ ውስጥ ደመረች። አስራ ስምንት ከሁለት መቶ። አንድ ጆንያ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በመዝገቡ ሸፈነች።

ሰብሳቢው ወደ በሩ ዞሩ። «ሰውዬ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ወሬዎትን ለዚህ ቀን ሊያጠራቅሙት አይችሉም ነበር?»

«ጌታዬ፣ ይህን ያህል ትወልዳለች ብዬ እኔም አልጠረጠርኩም» አለ ኩንታል፤ ይህቺኛዋ እንኳ እውነት ነበረች።

መዝገብ አይፋቅም፤ ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዝና ከጎኑ ይፈረማል። ልጅቷ ቀና ብላ እስክሪብቶውን ዘረጋችለት። አሮጌው ቁጥር እንደሚነበብ ሆኖ ተሰረዘ፤ በላዩ አስራ ስምንት ከሁለት መቶ ጻፈ፣ ፈረመ። የወንድሙ ልጅ ትከሻው ላይ አገጯን አስደግፋ የጻፈውን ታያለች።

«ጋሼ» አለችው፣ «ከእንግዲህ የፈለግኸውን ጨምርብኝ። እንዳትቀንስብኝ ግን።»

ሰብሳቢው ከሥሩ ፈረሙ። አርባ ሰባት አለፈች። ውጭ የቀን ሠራተኞቹ ተሰብስበው ውጤት ይጠብቁ ነበርና ኩንታል ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

«ስንት ሆነች?» አሉት።

«አስራ ስምንት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም» አለ፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ መጋዘኑ በር ጠቆመ። «ያዳቀለቻት እዚያ ውስጥ ናት። የወንድሜ ልጅ።»