ኦፋድ በጭፈራው ጭራ

አጎቴ ኦፋድ ከቤዝቦል ተሰናብቶ ወደ እናቴ ቤት ሲመለስ፣ መንደሩ በከበሮ ይቀበለዋል ብዬ ነበር። መንደሩ ግን ፊቱን አጥቁሮ ጠበቀው።

በእኛ ዘንድ ቤት የሴት ነው። ወንድ ሲያገባ ወደ ሚስቱ ይሄዳል፤ እንደ አጎቴ ኳስ ብቻ ያገባ ደግሞ እህቱ ዘንድ ይገባል።

ኳስ ከአጥር ውጪ እያሳረፈ ስታዲየም የሚያስጮህ ዓይነት አልነበረም። ቦታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሀል ነው፤ እየነጠረች የምትመጣውን አፍሶ ወደ አንደኛው መወርወር። የተማረው እዚህ ባሕሩ ዳር፣ ጠጠራም ሜዳ ላይ ነው። ኳስ ከድንጋይ ተጋጭታ ወዴት እንደምትዘል እዚህ ላወቀ ሰው፣ የትልቁ ከተማ የታይቹንግ የተላገ ሜዳ ቀልድ ነው። ሁለት ጥርሱን ለሥራው ሰጥቷል፣ አንድ ዋንጫ አንሥቷል፤ ጉልበቱ እንቢ ሲለውም ተቀያሪ ወንበር ላይ ሱፍ እየፈለፈለ ይስቅ ነበር።

ችግሩ ጨዋታው የሚጧጧፈው ልክ የመኸር በዓላችን ሲደርስ መሆኑ ነው። በበዓሉ ወንዶቹ በዕድሜ ተራ በአንድ ክብ ይጨፍራሉ፤ ታላላቆቹ ከፊት፣ ጎረምሶቹ ከጭራው። እኩዮች አንድ ማኅበር ናቸው፤ አንዱ ከቀረ ሥራውን የሚሠሩለት ሌሎቹ ናቸው። አጎቴ ተጫዋች ከሆነ ጀምሮ አንድም በዓል አልመጣም።

በዓሉ ሲቃረብ የእኩዮቹ አለቃ ወደሆነው ወደ ዓሣ አጥማጁ ናሞህ ሄደ። እኔም ተከተልኩ፤ የጋበዘኝ የለም።

“መጣህ?” አለ ናሞህ፣ መረቡን እየጠገነ።

“መጣሁ። ዘንድሮ ከናንተ ጋር ልቆም ነው።”

“ከኛ ጋር? አንተ በቡድንህ አውቶቡስ ስትንፈላሰስ የሽማግሌዎቹን ማገዶ፣ ያንተን ድርሻ፣ ማን የፈለጠ ይመስልሃል? ወገቤን እየው!”

“ወገብህንስ የጎዳው ቦርጭህ ነው” አልኩት።

“ይቺን ልጅ ማን ፈታት?”

“ተዋት። የት ልቁም?” አለ አጎቴ።

“ጭራው ላይ፣ ከጎረምሶቹ ጋር። ውኃ ታመላልሳለህ፣ ለሽማግሌዎችና ለኛ አረቄ ትቀዳለህ። እስከ መጨረሻው ቀን! ከጎደልክ፣ እኛ ዘንድ ኦፋድ የሚባል ሰው የለም።”

አጎቴ ራሱን ነቀነቀና ተስማማ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

በማግስቱ ከቡድኑ ስልክ ተደወለ። አጎቴ ሩዝ እያጠበ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎት ነበርና ሁሉንም ሰማሁ።

“ወንድሜ ኦፋድ! የመሰናበቻ ሥነ ሥርዓትህ ቀን ተቆረጠ። ርችት አለ፣ አበባ አለ፣ ትልቁ ስክሪን አለ!” ደዋዩ ቀኑን ተናገረ። የበዓሉ መጨረሻ ቀን ነው።

“ሌላ ቀን አይሆንም?”

“ትኬቱ አልቋል እኮ! ምን ሥራ አለብህ?”

“ለሽማግሌዎች አረቄ እቀዳለሁ።”

“ሌላ ሰው አይቀዳላቸውም?”

“እስከ ዛሬ የቀዳው ሌላ ሰው ነው።”

ስልኩ ሲዘጋ፣ በቋንቋችን አጎትን በምንጠራበት ስም ጮኽኩበት። “ፋኪ፣ አብደሃል? ስንት ሺህ ሰው ሊያጨብጭብልህ?”

“አጨብጭበውልኛል እኮ። ጠግቤያለሁ” አለና ወደ ሩዙ ተመለሰ።

በበዓሉ መጨረሻ ቀን የመንደሩ ሱቅ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን የአጎቴን ፎቶውን በአበባ ተከቦ ያሳያል፤ የፎቶው ባለቤት ግን መላጣው በፀሐይ እየተቃጠለ፣ ጎረምሶቹ ለጭፈራ የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሶ፣ ኩባያ ይዞ ያጎነብሳል። ናሞህ ጋ ደረሰ።

“ዛሬ አይደል እንዴ የሚሸኙህ?”

“ዛሬ ነው።”

“እና?”

“እናማ ጠጣ! ከጎንህ ያሉት ጉሮሮ የላቸውም?”

ናሞህ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና አፉን ጠረገ። “ለከርሞ ማገዶ ስንወጣ አብረኸን ነህ። መጥረቢያህን ይዘህ ና፤ የኔን አላውስም።”

ከጎኑ ያሉት እኩዮቹ አሽካኩ። አጎቴ ኩባያውን ሞልቶ ወደ ቀጣዩ አለፈ።

ሴቶች ክቡ ውስጥ የምንገባበት ሰዓት ሲደርስ ሮጬ ጭራው ላይ ከጎኑ ገባሁና እጁን ያዝኩ። ላብ በላብ ሆኗል።

“ደከመህ?”

“ዝም ብለሽ ርገጪ፤ እግርሽ ተሳስቷል” አለኝ።