ያኑርህ

ጉለሌ፣ እነማሚቴ ግቢ አጠገብ ያስነጠሰ ሰው ሳይመረቅ አያልፍም ነበር። ማሚቴ ወጥ እያማሰለችም ቢሆን፣ ያስነጠሰው ከአጥር ማዶ ያለ መንገደኛም ቢሆን፣ «ይማርህ!» ትላለች፤ «ያኑርሽ» እስኪላትም ጆሮዋን ጥላ ትጠብቃለች። ጎረቤቷ ደሳለች፣ «አንቺማ ለድመትም ሳትይ አትቀሪ» እያለች ትስቅባት ነበር። ያ ሳቅ የቀረው ቀይ ሽብር የመጣ ጊዜ ነው።

የማሚቴ ልጅ ዓምሃ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ይፈለግ ነበር። እናቱ ቆጡ ላይ፣ ከበርበሬው ጆንያ ኋላ ደበቀችው። ምን ታድርግ፣ ሌላ ቦታ የላትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብዮት ጠባቂዎች ለአሰሳ መጡ። አንደኛው የደሳለች ልጅ ስለሺ ነው፤ ከዓምሃ ጋር ከአንድ ትሪ እየበላ ያደገ። አለቃቸው አልጋውን ገለባብጦ ሊወጣ ሲል፣ ከወደ ቆጡ የማስነጠስ ድምፅ ተሰማ።

ማሚቴ በቁሟ ደረቀች።

ስለሺ ግን ወደ እሷ ዞር ብሎ፣ «ይማርዎት፣ እትዬ!» አለ ጮክ ብሎ።

አለቃው ማሚቴን አፍጥጦ አያት። እንደምንም፣ «ያኑርህ፣ ልጄ» አለች። እግዜር ይወቀው፣ እንደዚያን ቀን ከልቧ ብላው አታውቅም።

ሄዱ። በማግስቱ ዓምሃ ገበሬ መስሎ ከሸጎሌ ከብት ነጋዴዎች ጋር ከከተማ ወጣ። ለአለቃው ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። ሰንበት ብሎ ተመለሰና ቆጡ ላይ ብርድ ልብስና የተበላበት ሳህን አገኘ። ማሚቴን በጥፊ ብሎ ተዋት፤ የፈለገው ሌላ ሰው ነበር። የስለሺ ሬሳ ከቁስቋም በታች መንገድ ዳር ተገኘ።

በቀይ ሽብር ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነው። ደሳለች ልጇን ለምን እንደገደሉባት እንኳ አታውቅም። ማሚቴ እውነቱን ተናግራ «ማሪኝ» ልትላት ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ተደብቃ ስታለቅስ ሰንብታ ነበርና፣ አፏን ስትከፍት አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አለች ደሳለች።

ማሚቴ አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች።

«ምነው፣ ዛሬ ያኑርሽ የለም እንዴ?»

«ለስለሺም ብዬው ነበር» አለች ማሚቴ። «ዓምሃ ቆጥ ላይ ሆኖ ሲያስነጥስ፣ ያስነጠስኩ አስመስሎ እኔን ይማርዎት አለኝ። ያኑርህ አልኩት።» እግሯ ላይ ወደቀች። «ማሪኝ።»

ደሳለች እንዳትጮህ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ብዙ ቆይታ ነጠላውን ከአፏ አወጣች።

«ዓምሃስ» አለች፣ «በደህና ወጣልሽ?»