ሠላሳ አራተኛው ወንበር

የይግባኝ ጉባኤው ጸሐፊ መምህር ኦሙጋ በማህደሩ ውስጥ ባለው የመቀመጫ ሰንጠረዥ ላይ ፊርማውን ለየው። «በፈተናው ዕለት የተደረገ የመቀመጫ ለውጥ፦ የለም» ከሚለው መስመር ሥር፣ ጅራቷን ወደ ላይ የሰቀለች የራሱ ፊርማ ነበረች። መቼ እንደፈረመ ያስታውሳል። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ቅጾቹን ደራርበው ሲያቀርቡለት፣ ፈታኝ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ሳያነብ ፈርሞ ነበር።

ይግባኝ ባይዋ አፖንዲ ትባላለች። በሐይቅ ዳሯ ኪሱሙ ከተማ አሥራ አራት ዓመት የነርስ ረዳት ሆና ሠርታ፣ በአርባ አንድ ዓመቷ ለነርስነት ፈቃድ ተፈተነች። መልሶቿ ጄኒፋ ከምትባል ወጣት መልሶች ጋር፣ ስህተቶቹ ሳይቀሩ፣ አንድ ሆነው ተገኙ። በመቀመጫው ሰንጠረዥ ጄኒፋ ከፊት፣ አፖንዲ ከኋላ ናቸው። የሚቀዳ ደግሞ የኋለኛው ነው ተባለና የአፖንዲ ውጤት ተሰረዘ፤ ለሦስት ዓመትም ከፈተና ታገደች። ጄኒፋ ነጭ ለብሳ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው።

ኦሙጋ ግን ያንን ቀን አልረሳውም። ከሐይቁ የመጣው ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድበው ሰው ከሰው አይሰማም ነበር። ጣሪያው አፈሰሰ። ከጄኒፋ ኋላ በሠላሳ አራተኛው ወንበር ላይ የነበረች ሴት ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ግራ ቀኙን ስትመለከት አያት፤ ክንዷን ይዞ ወደ ፊት ወሰዳትና ሳይመጣ በቀረ ተፈታኝ ቦታ፣ ከጄኒፋ ፊት፣ አስቀመጣት። ጀርባዋን ለጄኒፋ ሰጥታ ነው የተፈተነችው። ወዲያው እሱ ባልዲ ፍለጋ ሮጠ። መመዝገቡን ረሳው።

ማህደሩን ይዞ ወደ ጉባኤው ሰብሳቢ ክፍል ገባ። ወይዘሮ ጌሳሬ ድሮ ተማሪው ነበረች፤ ዛሬ አለቃው ናት። የወተት ሻይዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ለሌላ ሰው ተናግረዋል?»

«ላንቺ ብቻ ነው።»

ደንቡን ገልጣ ወደ እሱ አዞረችለት። ሰንጠረዡ ከእውነቱ ጋር ካልገጠመ፣ የአዳራሹ ውጤት በሙሉ ይሰረዛል ይላል።

«ሃምሳ ስምንት ሰው ነው፣ መምህር። በየሆስፒታሉ ተበትነዋል። አሁን ይኼን ስንነጋገር አንዷ እያዋለደች ይሆናል። እጅሽን ታጠቢና ውጪ ልበላት?»

«ጄኒፋን ጠይቂያት።»

«ጠይቄያታለሁ። ‹ከፊት ነበርኩ፣ የኋላዬን አላየሁም› ብላ ፈርማለች። ሰንጠረዡም የሚለው ያንኑ ነው። እሱን የፈረሙት ማን ናቸው?»

ኦሙጋ ማህደሩን ዘጋው።

«ደግሞ እርስዎ የጉባኤው ጸሐፊ ነዎት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይመሰክርም። አስተምረውኛል፤ በዚህ ዕድሜዎ እንዲዋረዱ አልፈልግም።»

ከልቧ ነበር የተናገረችው። እሱን የጎዳውም ይኸው ነው፤ ብትቆጣው መልሶ መቆጣት ይችል ነበር።

ረፋዱ ላይ ጉባኤው ተሰየመ። አፖንዲ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ገባች። ሦስቱን ሹማምንት አንድ በአንድ እጅ ነሳችና ዓይኗ ጥግ ላይ ከተቀመጠው ኦሙጋ ላይ ሲያርፍ ፊቷ በራ።

«እሰይ! እሳቸው አሉ ለካ! እኚህ አባት ናቸው ከቦታዬ ያነሱኝ፤ ክንዴን ይዘው! ይጠየቁልኝ!»

ኦሙጋ ተነሳ። «እውነቷን ነው» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ቀጠነበት። «ያነሳኋት እኔ ነኝ። ጥፋቱም የኔ ነው።»

አንደኛው ሹም ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው መስኮቱን ያይ ጀመር። ጌሳሬ መነጽሯን አወለቀች።

«የጸሐፊው ንግግር በቃለ ጉባኤው አይሰፍርም። ይቀመጡ፣ መምህር።»

መቀመጡን ያወቀው ወንበሩ ሲንቋቋ ነው። እስክሪብቶውን ወርውሮ መውጣት አማረው። ቢወጣ ሌላ ሰው ያነሳዋል። ደግሞ ሃምሳ ስምንቱ መጡበት፤ ግማሾቹን በስም ያውቃቸዋል፣ የአልጋ አነጣጠፍ ያሳያቸው እሱ ነው። ጌሳሬ እየነገረችው እሱ ጻፈ፦ ይግባኝ ባይዋ አዲስ ማስረጃ አላቀረበችም፤ ውሳኔው ጸንቷል።

አፖንዲ ከግቢው በር ላይ ጠበቀችው።

«ሰምተውዎታል አይደል?»

«ሰምተዋል።»

«ታዲያ?»

የሃምሳ ስምንቱን ነገር ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ሳቅ መሳይ ነገር አፏ ላይ መጥቶ ጠፋ።

«እኔስ ስንተኛዋ ነኝ?»

ማታቱ የሚሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። ኦሙጋ አንገቱን ደፋ።

«ሦስቱን ዓመት እችለዋለሁ» አለች። «ያቃተኝ የምሠራበት ዋርድ ሴቶች ናቸው። ከቧንቧ ውሃ ስቀዳ እንኳ ‹ይኼንንስ ከማን ቀዳሽው?› ይሉኛል። ደብዳቤ አልፈልግም። ይምጡና በአፍዎ ይንገሩልኝ።»

አብሯት ሄደ። ሌላ የሚሰጣት ነገር አልነበረውም።

ሴቶቹ በዋርዱ ጓሮ አንሶላ ይጨምቁ ነበር። ሸምገል ያለ ሰው በኮትና በከረባት ሲመጣባቸው ቀና አሉ። ኦሙጋ ኮፍያውን አውልቆ ሁሉንም ነገራቸው፤ ዝናቡን፣ ወንበሩን፣ ያልመዘገበውን። ከማን ፊት እንደተቀመጠች ነገራቸው። ላቡ በአንገቱ ይወርድ ነበር። ሲናገር እንደዚያ ቀን ተሰምቶ አያውቅም፤ አንዲትም አልሳቀችም። አፖንዲ ትንሽ ራቅ ብላ፣ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ቆማለች።

ከሁሉም ታላቅ የሆነችው ሴት የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣለች። እጇን በሽርጧ አደራረቀች።

«እግዜር ይስጥልን፣ አባታችን» አለች በትሕትና። «ታዲያ ውጤቷን መለሱላት?»

ሌሎቹም ሥራቸውን ትተው ጠበቁ። አፖንዲም ልክ እንደነሱ፣ መልሱን እንደማያውቅ ሰው፣ ዓይኗን በእሱ ላይ ጣለች።